ሞተሩን ያወጣን ለት

ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት 1990 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሐብቴ፣
ሰላምታዬ እንደ ብር ሸለቆ በቆሎ በዝቶ ይድረስዎ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ልጃችን ይታገሱ የአባቱን ላንድሮቨር ሞተር እዚሁ ግቢያችን አወጣው። ወንድምዎ ሀይሉ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከቡሬ ወደ አባይ ሲወርድ ከተገለበጠበት ወዲህ መኪናው ከአጥሩ ሥር ቆሞ ዶሮ ታቅፍበት ነበር። ይታገሱ ሞተር ሲያወጣ የመጀመሪያው ነው። ጎረቤቶች መጥተው፣ በበጋ ከስቶ የወደቀ በሬ እንደምናነሣው፣ በሥሩ ገመድ አሳልፈው በባሕር ዛፍ አጣና ተሸከሙት። መኪናው አብሮ ተነሣ። አቶ ትዕዛዙ፣ «ይታገሱ፣ ይኼ በሬህ በረቱን ይዞ ሊወጣ ነው እኮ» ቢሉት ሁሉም ሳቀ። ለካ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የያዘ አንድ ብሎን ሳይፈታ ቀርቷል። እሱን ፈቱና ወጣ።

አሁን ሞተሩ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። የፒስተን ቀለበት ከእርስዎ ከመጣለት አድሶ በዚያው በአባይ መንገድ ሰው ሊጭንበት አስቧል። ትናንት፣ «እማ፣ ልሂድበት ወይ?» አለኝ። አባቱ እንዲሁ ሲጠይቀኝ ቶሎ ነበር «ሂድ» ያልኩት።

ቀለበቱን ይላኩልን ብለሽ ጻፊ ስላለኝ ይኸው ጽፌያለሁ። እርስዎ ግን ሥራ ይበዛብዎታል፤ መርካቶም ግርግር ነው። ክረምቱ መንገዱን ያበላሻል፤ ከመስቀል በኋላም አዝመራ አለ። አያስቸኩልም።

ዶሮዋ ዛሬም የሾፌሩ ወንበር ላይ ታቅፋለች፤ አላስነሣኋትም።

ልጆቹን በየስማቸው ይሳሙልኝ።
እህትዎ አቻምየለሽ