በሩ በአሥራ ሁለት ሰዓት ቢከፈት

ሰኞ፣ ጥቅምት 18
ይህን የምጽፈው የድጎማውን ማመልከቻ ቃል ከማሳመሬ በፊት እውነቱን ለራሴ ለማስቀመጥ ነው። መንግሥት ለሕፃናት ትምህርትና ለቤተሰብ ድጋፍ ከሚሰጠው ገንዘብ ቀበሌያችን ማንኪራ ካልደረሳት የማስተምርበት የሕፃናት ክፍል በሚቀጥለው ዓመት ይዘጋል። ርእሰ መምህሩ ጋሽ ኃይሌ ይህን ሳይሸፋፍኑ ነግረውኛል። ዛሬ ከሠላሳ አንድ ልጆች የመጡት ዘጠኝ ናቸው። በረቂቁ ላይ ምክንያቱን «የወላጆች ግንዛቤ ማነስ»፣ መፍትሔውን «የሁለት ቀን ሥልጠና» ብዬ ጻፍኩ። አጻጻፉ አምሮልኝ ነበር።

ማክሰኞ
አንድም ወላጅ ሳልጠይቅ ስለ ወላጆች መጻፌ አሳፈረኝ። ከትምህርት በኋላ እትዬ ዓለሚቱ ዘንድ ሄድኩ፤ የአራት ዓመቷ ልጃቸው ትርሲት የቡና ለቀማ ከተጀመረ ወዲህ ቀርታለች። ቡናቸውን እያሰጡ ሳቁብኝ። «መምህርት፣ እናንተ የምትከፍቱት በሁለት ሰዓት ተኩል፤ እኛ ጫካ የምንገባው ሲነጋ። እስከዚያ ልጄን ማን ይያዝልኝ፣ ጉሬዛው?» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ባለፈው ሳምንት ትርሲት አጠገባቸው ስትጫወት ከዛፍ የወደቀ ቀፎ ነካክታ ንቦች ፊቷን ነድፈዋታል።
ግንዛቤ ያነሰኝ እኔ ነበርኩ።

ረቡዕ
የሥልጠናውን አንቀጽ ሰረዝኩ። በምትኩ፦ በለቀማ ወራት ክፍሉ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይከፈት፤ አንዲት ሞግዚት ትቀጠር፤ ለልጆቹ የጠዋት ገንፎ ይቅረብ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በወር አንድ ጊዜ እናቶችን እዚያው ታነጋግር።
ከሰዓት በኋላ ቦንጋ ከተማ ወዳለው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄጄ ማመልከቻዎቹን ለሚመረምሩት ለጋሽ ታደሰ አሳየሁ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ልጄ፣ ፎርሙ የሥልጠና ሣጥን እንጂ የገንፎ ሣጥን የለውም» አሉኝ። «‹ሌሎች› የሚለው ውስጥ እሞላዋለሁ» አልኳቸው። ሳቃቸው አመለጣቸው። ሆኖም ወላጆች መፈለጋቸውን የሚያሳይ ቃለ ጉባኤ ካልተያያዘ ወረቀቱ ከጠረጴዛቸው አያልፍም።

ሐሙስ
ጋሽ ኃይሌን አስፈቅጄ፣ ትናንት ማታ ለወላጆች አስነግሬ፣ ለሙከራ በአሥራ ሁለት ሰዓት ከፈትኩ። ሃያ ሁለት ልጆች መጡ። ግማሾቹ ምንጣፉ ላይ መልሰው ተኙ፤ ሁለቱ አለቀሱ፤ አንዱ ጠመኔ በላ። ሞግዚት ቅንጦት አለመሆኗን አሁን ወገቤም ያውቃል። ትርሲት መጥታለች፤ እብጠቷ ጎድሏል። እትዬ ዓለሚቱ ሁለቴ ዞረው አዩዋት፤ ከዚያ ቅርጫታቸውን አንሥተው ሄዱ።

ዓርብ
ጋሽ ኃይሌ የወላጆችን ስብሰባ እንደ ልማዳቸው በሥራ ቀን ጠዋት ሊጠሩ ነው። ሁሉም ጫካ ነው፤ ማን ይመጣል? ባዶ አግዳሚ ወንበር ደግሞ ቦንጋ ላይ «አይፈልጉም» ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ ጥያቄዬን በጽሑፍ ሰጠኋቸው። አንብበው ኪሳቸው ከተቱት፤ መልሱን እየጠበቅኩ ነው። ቅጂው ይህ ነው፦
«ስብሰባው እሑድ ጥቅምት 24 ከቤተ ክርስቲያን መልስ በትምህርት ቤቱ ግቢ እንዲጠራ፣ ቃለ ጉባኤውም በወላጆች ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ጸድቆ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ እስከ ረቡዕ ጥቅምት 27 ቀን እንዲደርሰኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ማመልከቻው ቦንጋ የሚገባበት የመጨረሻ ቀን ዓርብ ጥቅምት 29 ነው።»