ምሳ ላይ የሚያንኳኩ ሰዎች

የኔ ልጅ፣ በሄድሽበት ደግ ሰው ይግጠምሽ፤ እግዚአብሔር በወጣሽበት በር በደስታ ይመልስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ አልወድም ብሏል። አባትሽ ጡረታ ቢወጡም ስብከታቸውን ለግድግዳው ያሰማሉ።

የቤተ ክርስቲያኑን ቤት ለአዲሱ ፓስተር ለቀቅንላቸው። ሚስታቸው ልጅ እግር ናት። ሰሞኑን ሰዎች ምሳ ሰዓት ላይ ቢያንኳኩባት፣ በመስኮት ብቅ ብላ «እየበላን ነው፣ በኋላ ተመለሱ» አለቻቸው። ከተማው ጉድ አለ! ሴቶቹ እኔ ዘንድ መጥተው «እትዬ፣ እርስዎ እኮ አንድ ቀን እንዲህ አላሉንም» አሉኝ።

«እኔማ የፓስተር ሚስት ከሆንኩ ወዲህ ትኩስ ሾርባ የጠጣሁት አራስ ሳለሁ ብቻ ነው» ብዬ ሸኘኋቸው።

ሲሄዱ ግን ድክም አለኝ። የስንቱን ለቅሶና የስንቱን የባልና ሚስት ጠብ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። አንቺ በልጅነትሽ ማንኪያሽን ይዘሽ እስክመለስ ስትጠብቂኝ ትዝ አልሽኝ። እባክሽ እዚያ ሥራ በዛ ብለሽ ቆመሽ አትብዪ።

የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ስትመጪ አታንኳኪ። በር ሲንኳኳ ዛሬም ፊቴን አስተካክዬ ነው የምነሳው። አንቺ ዝም ብለሽ ግቢና ደክሞኝ እንደተቀመጥኩ አግኚኝ።

እናትሽ