ለአይናዲስ የቃረምኋቸው መጻሕፍት

ሰኞ

እዚህ እርሻ ላይ ኔትወርክ የሚገኘው የምነዳው ትራክተር ጣሪያ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። ወጣሁ። "የኮከብና የዘንዶ መጽሐፍ በነጻ" ብዬ ጻፍሁ። የመጣልኝ ኮከብ ቆጣሪ ነው፤ የእናትህን ስም ላክ ይላል። ደግሜ ጻፍሁ፤ ሌላ ኮከብ ቆጣሪ። ከልጄ የምታረቅበት ነገር ስፈልግ ጠንቋይ ደጅ ደረስሁ።

አይናዲስ ለገና ከጎንደር ልትመጣ ነው። ስትደውል የምታወራው ከእናቷ ከየሺ ጋር ነው። ለእኔ "ደህና ነዎት?" ብቻ። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስለ ዘንዶና ከኮከብ ኮከብ ስለሚጓዙ ሰዎች በደብተር የጻፈችውን ተረት ድግምት መስሎኝ፣ የማሽላ አገዳ ሳቃጥል እሳቱ ውስጥ ጣልሁት። "ተረት ነው" ብላ ስትለምነኝ አልሰማኋትም። ትናንት የሺን፣ ልጃችን ምን እንደምታነብ ብጠይቃት "ያንኑ ነዋ፣ በስልክ። ገዝታ አትችለው፣ በነጻ የሚገኝ ትፈልጋለች" አለችኝ።

ማክሰኞ

ዛሬ በእንግሊዝኛ ሞከርሁ። የእኔ እንግሊዝኛ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ "ፍሪ" የምትለዋን ግን አውቃለሁ። አንዱ ገጽ ላይ አምስት አረንጓዴ ቁልፎች፣ ሁሉም "ዳውንሎድ" የሚሉ። እውነተኛው የትኛው ነው? የመጀመሪያውን ስነካ ስልኬ ቫይረስ አለብህ ብሎ ጮኸ። ሁለተኛው የመኪና እሽቅድምድም ጫነብኝ። ሦስተኛው የባንክ ካርድ ቁጥር ጠየቀኝ። ነጻ ከሆነ ካርዱ ምን ያደርግለታል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ዘጋሁት። መጽሐፍ የለም፣ እሽቅድምድሙም አልጠፋ አለኝ።

ረቡዕ

በላይነህ ደረሰብኝ። ከጎጃም ማሽላ ሊያጭድ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ተመርቆ ሥራ ያጣ። "ጋሼ፣ እዚያ ጣሪያ ላይ ምን ይሠራሉ?" አለኝ። ነገርሁት። አልሳቀብኝም። ስልኬን ተቀብሎ አርባ መጽሐፍ አወረደልኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም። ዝርዝሩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠና "ጋሼ፣ አብዛኞቹ የተሰረቁ ናቸው። ደራሲዎቹ በሕይወት አሉ፣ አልፈቀዱም" አለኝ።

ታዲያ ነጻው የትኛው ነው? ደራሲው ከሞተ ብዙ ዘመን ያለፈው፣ ወይም ደራሲው ራሱ የለቀቀው ነው አለኝ። አልገባኝም። የሟች ንብረት ለልጆቹ እንጂ ለእኔ ምን አድርጎ ይደርሰኛል? የተሰረቀስ እንዴት በአደባባይ ይታደላል? ሲያስረዳኝ ራሴን አመመኝ።

ሐሙስ

ቃራሚ ሴቶች ከጧት ጀምሮ ማሳው ዳር ተቀምጠው ነበር። ትራክተሬ የመጨረሻውን ነዶ ጭኖ ሲወጣ የእርሻው ባለቤት "ግቡ" አላቸው። የወደቀውን የማሽላ ራስ መልቀም ጀመሩ። ማንም ሌባ አላላቸውም። ነዶው ሳይነሳ ቢገቡ ግን ሌላ ነበር። መሪውን ይዤ ቆምሁ። ለካ ይሄው ነው።

በላይነህን ፈልጌ "ነዶው የተነሳበትን ማሳ ብቻ አሳየኝ" አልሁት። ትንሽ አሰበና ሳቀ። "መምህሮቼ እንዲህ ቢያስረዱኝ ጥሩ ነበር" አለ። የተሰረቁትን አጠፋን። የቆዩ መጻሕፍትን በነጻ ከሚያስቀምጥ ገጽ ዘጠኝ፣ ደራሲዎቹ ራሳቸው ከለቀቋቸው ሁለት አገኘን። አሥራ አንድ። ከአንዱ ጥቂት ገጽ አስተረጎምሁት። ዘንዶ አለበት። ማንም ላይ አይደግምም፣ ልጁን ፍለጋ ነው የሚሄደው። ያኔ የፈራሁት ምን ነበር? አፈርሁ።

ቅዳሜ

መጣች። ስልኩን ሰጠኋት። ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አየችው።

"እነዚህን አንብቤያቸዋለሁ፣ አባባ።"

"ሁሉንም?"

"ከሁለቱ በቀር።" ስልኩን መለሰችልኝ። "የእኔው ግን የትም አይገኝም" አለች።

ለማንም ያልተናገርሁትን ነገርኋት። ከማቃጠሌ በፊት አንድ ገጽ አንብቤ ነበር። ዘንዶው የሽንፋን ወንዝ ጠጥቶ ጨረሰው፣ አልኋት። ቀና ብላ አየችኝ። "አልጨረሰውም። በጋው እስኪያልፍ በሆዱ ሊያቆይልን ነው" አለች። ሰዎቹም ገደሉት፣ አልሁ። "ኧረ ማን ገደለው?" እኔ ስሳሳት እሷ ስታርመኝ ምሳው ቀዘቀዘ። የሺ አልተቆጣችም።

እሑድ

ይህን የምጽፈው በደብተሬ ሽፋን ጀርባ ላይ ነው። የቀረውን ባዶ ወረቀት ሁሉ አይናዲስ ወስዳ ከደጅ ተቀምጣ እየጻፈችበት ነው። እኔ የጻፍሁትንም ሳታነበው አልቀረችም። የዘንዶውን ስም ብጠይቃት "እስኪያስታውሱት አልነግርዎትም" አለችኝ።

ማን ነበር ስሙ? ከቤተ ክርስቲያን ከተመለስሁ ጀምሮ እያሰብሁ ነው።