ሴቶቹ አይጦች አይወድቁም

ሰኞ፣ ማርች 3
ዛሬም አይጦቹን የሚሽከረከረው በትር ላይ አወጣኋቸው። ሚዛን የሚያሳጣው በሽታ ዘረ መል ያለባቸው ወንዶች ወዲያው ወደቁ። ሴቶቹ ግን እስከ መጨረሻው ቆዩ። የቤተ ሙከራው አለቃ ሲ ሙንዚር ከኋላዬ ቆሞ፣ "አየሽ? በሽታው ሴቶቹን አይነካቸውም። ሐሙስ አስወግጂያቸው፣ ቦታው ለወንዶቹ ይፈለጋል" አለኝ።

አስወግጂ... ግደያቸው ማለት ከበደው? እስኪያረጁ ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ማርች 4
ራት እህቴ ሱዓድ ቤት። የኩስኩሱን ሳህን ከእጇ ጣለችው። ባሏ ናጂ፣ "ሴትዮ፣ ቤቱን ባዶ ልታስቀሪው ነው?" ብሎ ሳቀ። ግድግዳ እየዳበሰች ነው የምትሄደው። ማንም አያይም?

አይጦቹ የያዙት ያው ዘረ መል አባታችንን ገና በጎልማሳነቱ አልጋ ላይ ጣለው። ወንድማችን ሉጥፊ ዛሬ ዊልቸር ላይ ነው። ሱዓድም እኔም ተመርምረን አናውቅም። ሱዓድ የሄደችበት ሐኪም፣ "ዕድሜ ነው እመቤቴ፣ ይህ በሽታ ሴት ላይ አይበረታም" ብሎ ሸኛት። ከማን ሰምቶ? ከእኛ ዓይነቱ ቤተ ሙከራ ነዋ። ደሜ ፈላ።

ረቡዕ፣ ማርች 5
ጠዋት ስመዝናቸው... እንዴት እስከ ዛሬ አላየሁም? ሴቶቹ ቀላል ናቸው! ወንዶቹን በሽታውና ክብደታቸው ተጋግዘው ይጥሏቸዋል። ሴቶቹ ታመውም ቢሆን በትሩ ላይ ይንጠለጠላሉ።

"ከመገደላቸው በፊት በቀጭን እንጨት ላይ ላራምዳቸው፣ እዚያ መቅለል አያድንም" አልኩት ሲ ሙንዚርን።
"ነዚሃ፣ ስሜት አታስገቢበት።"
ለወንዶቹ ሲሆን ሳይንስ፣ ለሴቶቹ ሲሆን ስሜት! በሩን በላዩ ላይ ጠርቅሜው ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ማርች 6
አልገደልኳቸውም። ሲ ሙንዚር ሲገባ እንጨቷ ላይ ነበሩ። ዘረ መሉ የሌለባቸው አሮጊቶች ቀጥ ብለው ተሻገሩ። ያለባቸው የኋላ እግራቸው እየተንሸራተተ፣ ሆዳቸውን እንጨቱ ላይ ለጥፈው ተሳቡ።

"አርጅተው ነው" አለ።
"እነዚያ የተሻገሩትም እኩዮቻቸው ናቸው።"
ወደ እንጨቷ ጎንበስ አለ።
"ወጣቶቹ ሴቶችስ?"
"እነሱ ገና አይንሸራተቱም። በሽታው ሴቶቹን ዘግይቶ ነው የሚይዛቸው። እኛ ደግሞ ሌላ ጊዜ እንደ እነዚህ ሳያረጁ እንገድላቸዋለን።"
መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። "ድገሚው" አለ።

ይቅርታ የለ፣ ምስጋና የለ። ድገሚው! ቢሆንም አይጦቹ ተርፈዋል።

እሁድ፣ ማርች 9
ሱዓድ ቤት። ናጂ ገበያ ወጥቷል። ሳሎን ውስጥ የወለሉን ሸክላ መጋጠሚያ መስመር አሳየኋት። "ጫማሽን አውልቂና በዚህ ተራመጂ፣ ግድግዳ ሳትነኪ።" ጥቂት ሄዳ ተንገዳገደች፣ ያዝኳት። እንዴት ቀልላለች...

"ዕድሜ አይደለም፣ ሱዓድ። ነገ ሌላ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን። አልመረምርም ካለ ጠረጴዛውን እገለብጥበታለሁ።"

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ሳቀች። "እኮ! ያን ሁሉ ዘመን ዝርክርክ ሲሉኝ!"

ከዚያ ሳቋ ቆመ። እግሬን አየች።

"አሁን ደግሞ አንቺ፣ ነዚሃ።"

ሻዩ ሊገነፍል ነው ብዬ ወደ ማድቤት ሄድኩ። ጫማዬን አላወለቅኩም።