የተፋቀ መስታወት

ጎንደር፣ አራዳ
መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.

ውድ አያ አድማሴ፣

«ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል» ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ደብዳቤ መጻፍ ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ ወጉን አውቀዋለሁ። ዛሬ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። «ውድ» የሚለውንም ሁለት ጊዜ ሰርዤ ነው መልሼ የጻፍኩት። የተውኩት ውሸት ስላልሆነ ነው፤ የማይወዱት ሰው እንዲህ አያናድድም።

ከአስመራ የላኩልኝ ወረቀት በቅበላው ማግስት ደረሰኝ። «የጥምቀቱና የሰርጉ ወቅት እንዴት ነበር? ሥራ በዛልህ?» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ለፍሬም የሚሆን መስታወት ካጠረህ ንገረኝ፤ እዚህ እንደ ልብ ነው፤ እልክልሃለሁ። ለሚመጣው ጥምቀት እኔም መጥቼ እንደ ድሮው አብረን እንሠራለን» ይላል። ወረቀቱን ጨምድጄ ወረወርኩት። ከዚያ አንስቼ አቃናሁት። እንደገና አነበብኩትና እንደገና ጨመደድኩት። እርስዎ ለእኔ መስታወት ሊልኩልኝ!

እንግዲያው ወቅቱ እንዴት እንደነበር ልንገርዎ። የጠየቁኝ እርስዎ ነዎትና እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

የከተራ ዕለት ነው። የከተራን ዕለት የእኛን ፎቶ ቤት ያውቁታል፤ መርፌ መጣያ የለም። አዲስ ቀሚስ የለበሱ ልጃገረዶች አንድ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀው ይሳሳቃሉ። ካህናቱ ካባቸውን ደርበው «ቶሎ በል እንጂ፣ ታቦቱ ሊወጣ ነው!» እያሉ ይቆጡኛል። በዚህ መሀል ከል የለበሰች፣ ራሷን የተላጨች ባላገር ሴት ሰዉን እየገፋች ገባች። ከዳባት መጥታ ነው። ስሟ ሽታዬ ነው። በዕድሜዋ አንቱ ልላት ይገባ ነበር፤ ግን ገና ከመግባቷ «ልጄ» ስላለችኝ እንደ እናቴ ቆጠርኳት፤ እናቴን ደግሞ አንቱ ብያት አላውቅም።

ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈታችና አንድ ቁራጭ ወረቀት ሰጠችኝ። ጽሕፈቱን ከሩቅ አወቅሁት። ያ ሰው ሁሉ የሚቀናበት፣ ከዜማ ቤት ይዘውት የወጡት የእርስዎ ቁም ጽሕፈት ነው። «ቁጥር ፪፻፲፬። መስታወቱ በአደራ ተቀምጧል፤ በተፈለገ ጊዜ ይታተማል» ይላል።

«ልጄ ፋንታሁን ነው» አለችኝ። «አራት ዓመቱ ነው እዚህ ቤት ከተነሣ። የወጣችለትን ፎቶ ይዟት ይዞር ነበር። ዘንድሮ ለጥጥ ንግድ ብሎ መተማ ወረደ። ወባ ገደለውና እዚያው ቀበሩት፤ ፎቶዋም ከኪሱ ሳትወጣ አፈር ገባች። በታኅሣሥ ነው መርዶ የነገሩኝ።»

«እግዜር ያጥናሽ» አልኳት።

«ለቅሶው ለአስተርዮ ማርያም ማግስት ተቀጥሯል። የሰው ልጅ ሲለቀስለት ጠመንጃው ይወጣል፣ ፈረሱ ይወጣል። የኔ ልጅ ጠመንጃ የለው፣ ፈረስ የለው። ሬሳውም የለኝ። እንግዲህ ምን ይዤ አደባባይ ልቁም? መልኩን ሸጋ አድርገህ አውጣልኝ።»

«ለዚህማ ምን ገዶኝ!» ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ኮርቼ ነበር የገባሁት። ወደ አስመራ የሄዱ ዕለት ያን ትልቅ ሳጥን በመዳፍዎ መታ መታ አድርገው «ወልደኢየሱስ፣ ይኼ የሰው መልክ ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ብለውኝ ነበር። እኔም ዛሬ ጥቅል ፊልም እየተጠቀምኩ እንኳ የሰው ምስል የተቀረጸባቸውን የእርስዎን የመስታወት ኔጋቲቮች አቧራ ሳይነካቸው ጠብቄአለሁ እያልኩ እመጻደቅ ነበር። ሳጥኑን ከፈትኩት። የላይኛው መደብ ሙሉ ነው። እስከ ቁጥር ፻፺፱ ድረስ እያንዳንዱ መስታወት በወረቀቱ እንደተጠቀለለ አለ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መደብ ሳነሣ ያገኘሁት ጭድ ብቻ ነው። ከ፪፻ እስከ ፪፻፶፱። ስድሳ ሰው!

እዚያው ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆሜ ነገሩ ገባኝ። የአርባ ሰባት ዓመተ ምሕረት የጥር ወር ትዝ ይልዎታል? ሰርግ በሰርግ ላይ ተደርቦ፣ የፍሬም መስታወት የጫነው ማኪና ሊማሊሞ ላይ ተበላሽቶ ቀርቶ፣ ሙሽራው ሁሉ ደጃችን ላይ እየጮኸ ነበር። እርስዎ ከጓዳ አንድ ክምር መስታወት ታቅፈው ወጡና «እነዚህ የጣሊያን ጊዜ ናቸው፤ ባለቤቶቻቸው አገራቸው ገብተዋል። ውኃ አሙቅ» አሉኝ። ሶዳ በፈላ ውኃ በጠበጥን። እርስዎ በቢላ ፋቁ፣ እኔ አጥቤ በጨርቅ ወለወልኩ። ጥርት ያለ መስታወት ወጣው። ሙሽሮቹም ደስ አላቸው፤ እኛም ተመሰገንን።

ወደ ሽታዬ ወጥቼ ዋሸሁ። «መስታወቱ የተሰበረ ይመስለኛል፤ እስኪ ልፈልገው» አልኳት።

«ስብርባሪውም ቢሆን ይሁን» አለችኝ። «ዓይኑ ያለበትን ፈልግልኝ።»

እንዲህ ሆኖ ጥምቀት ገባ። በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ሰዉ እንደ አሸዋ ፈሶ፣ ካህናቱ ሲያሸበሽቡ፣ ጎረምሳው ከነልብሱ ውኃ ውስጥ ሲወረወር እኔ ማንሣቱን አነሣሁ፤ ልቤ ግን አብሮኝ አልነበረም። መሪጌታ ኃይለ ማርያም ፎቶአቸውን ሲያዩ ምን እንዳሉኝ ልንገርዎ፤ «አንተ! ካባዬን አንሥተህ ራሴን ለማን ተውከው?» አንገታቸው ላይ ቆርጫቸው ኖሯል። በማግስቱ ከአዲስ አበባ የመጣ የሙዚቃ ጓድ በአደባባይ ተጫወተ። እኔ የፎቶ ማኪናዬን ለዘፋኙ ደግኜ ዓይኔ ሕዝቡ ላይ ነበር፤ በአርባ ሰባት ማን ተዳረ፣ ማን ከእኛ ፍሬም ወሰደ እያልኩ እቆጥር ነበር። ፍሬሞቹን በሚስማር የመታሁት እኔ ስለሆንኩ አንዱንም አልረሳሁም። ምናልባት አያ አድማሴ አንዱን በቅጡ ሳይፍቁት ቀርተው ይሆናል ብዬ ነው። እንዲህ ዓይነት ተስፋ ነው የቀረኝ፤ የእርስዎን ጥራት ስደነቅ የኖርኩ ሰው ስንፍናዎን ተስፋ ማድረግ!

ቤት ለቤት ዞርኩ። አዘዞ ያለው አቶ ክንዱ የሰርጉን ፎቶ ከግድግዳ ላውርደው ስለው ዱላ አነሣብኝ። «ምነው? መስታወቱን አውልቀህ አስማት ልትደግምብኝ ነው? የቄስ ልጅ መሆንህን አላውቅም መሰለህ?» አለኝ። ሚስቱ ገላገለችኝና ፈታሁት፤ ንጹሕ ነው። ማክሰኝት ድረስ በበቅሎ ሄድኩ፤ ሦስት ቤት፣ ሦስቱም ንጹሕ። ምንኛ ጎበዝ ነዎት! በየቤቱ ግድግዳ ላይ ሙሽሮች ይስቃሉ፤ እኔ ግን ከእነሱ ፊት ለፊት ያለው መስታወት ማን እንደነበረ ብቻ ነው የማስበው። የልጇን መልክ የምትጠብቅ አንዲት እናት ዳባት ተቀምጣለች፤ እኔ ደግሞ የሰው ቤት እየገባሁ «ወቅቱ ስለሆነ ፍሬም ልጠግንላችሁ መጥቼ ነው» እላለሁ። ውሸቱም የእርስዎ ነው፤ አፉ ብቻ የኔ ሆነ።

የጥር ሃያ ዕለት እዚሁ አራዳ፣ ከፎቶ ቤታችን ሦስተኛው ቤት፣ ወይዘሮ እናኑ ዘንድ ገባሁ። «ምነው ወልደኢየሱስ፣ ባሌን ከግድግዳ አውርደህ የት ልትወስደው ነው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ በኩራት «ይችን የወርቅ ወረቀት ጥለት አያ አድማሴ ለኔ ብቻ ነው ያደረጉልኝ። የማንም ፍሬም እንዲህ የለው» አለችኝ። በአንድ ጎኑ ላይ ሦስት ጣት የሚሰፋ ወርቃማ ወረቀት ከውስጥ ተለጥፏል። ፍሬሙን ፈትቼ ወረቀቱን በእርጥብ ጨርቅ ላጥኩት። ከሥሩ ቢላ ያልነካው ነበር። ደክሞዎት ይሆናል፣ ወይ ቢላው ደንዞ ይሆናል፤ ሸፍነውታል። ማዕዘኑ ላይ በመርፌ የተጫረ ቁጥር አለ፤ ፪፻፲፬።

በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ዓይን የለም። አፍ የለም። ትከሻም የለም። ያለው ዱላ የጨበጠ አንድ እጅና የጋቢ ጫፍ ነው።

ለወይዘሮ እናኑ ሌላ መስታወት አስገባሁላት። ያለ ወርቁ ጥለት ስትቀበለኝ ከፍቷት ነበር፤ ቆሜ አላባበልኳትም። እጁን አተምኩት፤ አሳደግሁት። ያስተማሩኝን አልረሳሁም፤ መድኃኒቱ ውስጥ ነክሬ ሁለት አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩና አወጣሁት። የመጀመሪያውን ስደግም ቃሉን ሁለት ጊዜ ሳትኩት። ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት ነው። በጸሎት የተቆጠረ ሥራ በምን ልብ በቢላ ይፋቃል?

የአስተርዮ ማርያም ማግስት ሁለት ሰርግ ትቼ በጭነት ማኪና ዳባት ወጣሁ። ለቀስተኛው ሜዳውን ሞልቶታል። መሀሉ ባዶ ነው፤ የሚታይ ጠመንጃ የለም፣ የሚጎተት ፈረስ የለም። ለሽታዬ ፎቶውን ሰጠኋት። «የተገኘው ይኼ ብቻ ነው» አልኳት። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር። አገላብጣ አየችው፤ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«አውራ ጣቱ» አለች። «መጥረቢያ ጎምዷት ጎብጣ የቀረች። ያሰርኩለት እኔ ነኝ።»

ከዚያ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛው ወደ መሀል ገባች። ሜዳው በአንድ ድምፅ ጮኸ። አልቃሿም ተቀበለች፤

እጁማ መጣልኝ፣ ፊቱ ወዴት ቀረ፤
ጎንደር ከተማ ላይ ማን ቤት ተሰወረ።

አልቃሿ ምንም አታውቅም፤ ከአፏ የመጣላትን ነው ያለችው። እኔ ግን ማን ቤት እንዳለ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ደረቱን ሲመታ እኔ ብቻ እንደ ተገተርኩ ቀረሁ።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ ይህን ሳልጽፍ ደብዳቤውን ባሽገው እኔም እንደ እርስዎ እሆናለሁ። በአርባ ሰባት፣ ያን ክምር ስናጥብ አንዱን ከመፋቁ በፊት አንሥቼ በመስኮት አይቼዋለሁ። ጋቢ የለበሰ ሰው ነበር። ጣሊያን ጋቢ አይለብስም። አውቄ ዝም አልኩ። ሙሽራ ደጅ ቆሞ ነበር፣ እርስዎ ጌታዬ ነበሩ፣ እኔም ደክሞኝ ነበር። ያ ሰው ፋንታሁን ይሁን ሌላ አላውቅም። ከስድሳዎቹ አንዱ ነው። ለቀሩት ለሃምሳ ዘጠኙ ከደጃችን ላይ «የአርባ ሰባት ፍሬም ያለው ያምጣልኝ» ብዬ ጽፌ ሰቅያለሁ። ሰዉ ለምን ሲለኝ ለምን እንደሆነ እነግረዋለሁ፤ የእርስዎንም ስም አልደብቅም። ስምዎ አራዳ ላይ እንደ ድሮው አይጠብቅዎትም፤ ይህን አውቀው ይምጡ።

ለቅሶው ተበትኖ ዘመድ ንፍሮ ሲቆረጥም ሽታዬን ከጎጆዋ ጀርባ ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት። እንዳልተሰበረ፣ እንደተፋቀ፣ ለምን እንደተፋቀ፣ እኔም እንደነበርኩበት። የሚረግም አፍ ጠበቅሁ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል፤ እርግማኑ ቢመጣ ኖሮ በቀለለኝ። እሷ ግን ፎቶውን ጉያዋ ውስጥ እንደ ያዘች ዝቅ ብላ መሬቱን አየች።

«ከየት በኩል ነው የጀመሩት?» አለችኝ።

አልገባኝም። «ምኑን?»

«ሲፍቁት። ከእግሩ ነው የጀመሩት ከዓይኑ?»

ቢላውን የያዙት እርስዎ ነበሩ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሳጥብ ነበር። «አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነው፤ አላውቅም።

«የሚያውቀው ሰውዬ አለ?»

«አለ። አስመራ ነው።»

«እንግዲያው ይንገረኝ» አለችኝና ወደ ሰዉ ተመለሰች።

አያ አድማሴ፣ መልሱን ለእኔ እንዳይጽፉልኝ። ለእሷም አይጻፉላት፤ ፊደል አታውቅም፤ የእርስዎን ደብዳቤም ለሌላ ሰው አስነብባ እንድትሰማው አልፈቅድም። ከአስመራ የሚመጣው አውቶቡስ ጎንደር ከመግባቱ በፊት ዳባት ይቆማል። እዚያ ይውረዱ። የሽታዬን ቤት ብለው ቢጠይቁ ማንም ያሳይዎታል። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ መምጣት ከፈለጉ በሩ ክፍት ነው፤ ሳይነግሯት ከመጡ ግን ዝግ ነው።

አሁንም ተማሪዎ የሆነ፣
ወልደኢየሱስ