ከወፏ ጋር የተቀዳው ድምፅሽ

ውድ እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እህቴ «ቁስሏ ደርቋል፤ ሾርባዋንም ያለ ጭቅጭቅ መጠጣት ጀምራለች» አለችኝ። ያለ ጭቅጭቅ የሚለውን እንኳ አላመንኳትም። ልደውልልሽ አስቤ ነበር፤ ግን እንደለመድነው እኔ ስለፈልፍ አንቺ ቀፎውን በጥፍርሽ አንዴ መታ ስታደርጊ «እሺ»፣ ሁለቴ ስታደርጊ «እምቢ» ብለን ልንለያይ ነው። የዛሬውን ረጋ ብለሽ እንድታነቢው፣ ከተናደድሽም ወርውረሽው ቆየት ብለሽ እንድታነሺው ብዬ በደብዳቤ አደረግኩት።

ስለ ሥራዬ በጠየቅሽኝ ቁጥር «ኮምፒውተር ነው» እያልኩ አልፍሽ ነበር። ዛሬ በደንብ ልንገርሽ። ተቋማችን ውስጥ የወፍ ድምፅ ሰምቶ የሚለይና የሚቆጥር ፕሮግራም ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ጽፈናል። ወፍ የሚያጠኑ ሰዎች ማይክሮፎናቸውን ዛፍ ላይ ሰቅለው ይሄዳሉ፤ ቀሪውን ፕሮግራሙ ይጨርሰዋል። አሁን ይሄን ፕሮግራም ሊኑክስ ውስጥ ልናስገባ እየሞከርን ነው። ሊኑክስ ማንም ሰው ሳይከፍል የሚጠቀምበት የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፤ የራሱ ትልቅ የፕሮግራም ግምጃ ቤት አለው። እዚያ ከገባን የትም ያለ ተመራማሪ በቀላሉ ያገኘናል። በሩ ላይ ግን ፈታሽ አለ። ባለቤቱ ያልፈቀደው ነገር አንዲት ፋይል እንኳ ብትሆን አታልፍም።

የእኛ ፈታሽ በዓይኔ አይቻት የማላውቅ ሴት ናት፤ የምንገናኘው በጽሑፍ ብቻ ነው። እኔና ባልደረባዬ «ወይዘሮ ለምን» የሚል ስም አውጥተንላታል። ይሄ መስመር ለምን ገባ? ይሄ ሥዕል የማን ነው? ይሄኛው ለምን አልተጻፈም? ፍዳችንን ነው ያበላችን። ያስቀየረችን ሁሉ ግን ልክ ነበር፤ እሱን አልክድም። ባለፈው ሰኞ ደግሞ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ፕሮግራሙን የምትሞክሩበት የድምፅ ቅጂ ላይ ከወፏ ጋር የሴት ድምፅ ይሰማል። ሴትየዋ ማን ናት? ፈቅዳለች?»

ሴትየዋ አንቺ ነሽ።

በረንዳው ላይ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ የታሰረበት ጥግ ጎጆ የሠራችው ወፍ ትዝ ትልሻለች? ገና ሳትታመሚ ነው። እኔ ማይክሮፎን ደግኜ ትንፋሼን ውጬ ቆሜያለሁ። አንቺ በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ ብለሽ «አንተ! ወፏ እንኳ ጎጆ ወጥታ ልጅ አሳደገች፤ አንተ ሽቦህን ይዘህ ቁም!» አልሽና ሳቅሽ። ሳቅሽ ቅጂው እስኪያልቅ ድረስ አለ። ያኔ አበላሸሽብኝ ብዬ ተነጫንጬ ነበር። በኋላ ግን ከሁሉም የበለጠ የጠቀመን እሱ ሆነ። ድምፅሽ ቀጭን ስለሆነ ፕሮግራሙ አንቺንም ወፍ ብሎ ቆጠረሽ። ከወፍ እስኪለይሽ ድረስ አሳራችንን አየን። ዛሬም አንድ ነገር በቀየርን ቁጥር ያንን ቅጂ እናሰማዋለን፤ አንቺን ሰው ካለሽ አልፏል፣ ወፍ ካለሽ ወድቋል።

ወይዘሮ ለምን ያልሽውን እንድተረጉምላት ጠየቀችኝ፤ ተረጎምኩላት። «ወፍ ጎጆ ሠራች ብላ ልጇን ለምን ትቆጣለች?» አለች። እንግዲህ አለማግባቴን ሰው ሁሉ በሚያነበው ገጽ ላይ ቁጭ ብዬ አስረዳሁልሽ። ባልደረባዬ እስካሁን ይስቅብኛል። ደስ ይበልሽ!

በራሴ ድምፅ ልተካው ሞክሬም ነበር። የእኔ ጎርናና ስለሆነ ፕሮግራሙ ገና አፌን ስከፍት ሰው መሆኔን ያውቃል። ባልደረባዬ ድምፁን አቅጥኖ ሲጮህ ደግሞ ከጎን ቢሮ «ምን ነካችሁ?» እያሉ መጡ። የሌላ ሴት ድምፅ መቅዳት ይቻላል፤ እሱን አልደብቅሽም።

አንቺን መጠየቅ ለምን እንደከበደኝ ታውቂያለሽ። ዕድሜሽን ሙሉ በአውቶቡስ ጣቢያው ድምፅ ማጉያ መነሻ ስትጠሪ፣ ከተማው ሻንጣውን የሚያነሳው አንቺን ሰምቶ ነበር። ድምፅሽን ከወሰደው ኦፕሬሽን በኋላ ጣቢያው የድሮ ቅጂሽን ማሰማት ሲጀምር ግን ራስሽ ሄደሽ አስጠፋሽው። ለሥራ አስኪያጁ «እኔ ጋ የሌለ ድምፅ እናንተም ጋ አይኑር» ብለሽ ጻፍሽለት። አጠገብሽ ቆሜ ነበር። የእሱን ፊት አየሁት፤ ያንቺን ለማየት ግን አልደፈርኩም። ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዘሽ እስከ በራችን አልለቀቅሽኝም።

ስለዚህ ላታልልሽ አልፈልግም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማሽ ማሽን ነው፤ ነገር ግን የፈለገ ሰው ከፍቶ ሊያዳምጥሽ ይችላል። አንዴ ከገባ ደግሞ በየአገሩ ይገለበጣል፤ ሄደሽ አጥፉልኝ የምትይው ሥራ አስኪያጅ የለም። እምቢ ካልሽ በዚያው ቀን አወጣዋለሁ። እኔ ጋ ያለውንም አጥፋው ካልሽ አጠፋዋለሁ።

የእኔን ልብ ከጠየቅሽኝ ግን እንዲኖር እፈልጋለሁ። ድምፅሽ ናፍቆኛል እማዬ። ቤት ስመጣ እህቴ ከጓዳ ስትጣራ አንቺ መስለሽኝ ዞር የምልበት ጊዜ አለ፤ ከዚያ ለምን እንደዞርኩ እንዳይታወቅብኝ የጠፋብኝን ዕቃ የምፈልግ እመስላለሁ። የጣቢያው ድምፅሽ የሥራ ድምፅ ነበር። እዚህኛው ላይ ማንንም አውቶቡስ ላይ አታሳፍሪም፤ በልጅሽ ነው የምትስቂው። እንዲህ ያለው ድምፅሽ ሌላ ቦታ የለኝም።

ለወይዘሮ ለምን «እናቴ አሁን መናገር አትችልም፤ ጊዜ ስጪኝ» ብዬ ጻፍኩላት። «ለምን?» አላለችም። «እጠብቃለሁ፤ እንዳታስቸኩላት» ብቻ አለች።

ሰነዱ ላይ «የድምፁ ባለቤት» የሚል መስመር አለ። እኔ «እናቴ» ብዬ ሞላሁት። እሷ ግን «እሱ ላንተ ነው፤ ለሌላው ሰው ስሟን ጻፍላት» ብላ መለሰችው። እስከዛሬ ባዶውን ነው። ይሄን መስመር ሳየው አንድ ነገር ገባኝ። ያን ሁሉ ዘመን የስንቱን ከተማ፣ የስንቱን የጠፋ ልጅ ስም በዚያ ማጉያ ስትጠሪ፣ ያንቺን ስም አንድ ቀን የጠራው ሰው የለም።

እምቢ ካልሽ መጻፍ አያስፈልግሽም። ደውዪና ሁለቴ መታ አድርጊ፤ ይገባኛል፣ አልከራከርሽም። እሺ ካልሽ ግን መታ ማድረግ አይበቃኝም። ስምሽን እንዲጠሩሽ በምትፈልጊው ዓይነት፣ ሙሉውን፣ በራስሽ እጅ ጻፊልኝ።

ከወፏ ወደኋላ የቀረው ልጅሽ