ለአልጋነሽ የምትሆን ትንሽ እንስራ

ሰኞ፣ ጥር ፲፭ ቀን ፲፱፻፴፩፤ ሽንፋ

ጭቃ ስረግጥ ዋልኩ። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ በባዶ እግሬ፣ ሴቶች ቆመው እያዩኝ። የነጋዴው የሐጂ ኢድሪስ ጸሐፊ ነኝ ብዬ መተማ ገበያ ላይ ተጀንኜ የምሄደው ሰውዬ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ይዞኝ የነበረው የቆላ ንዳድ ቢለቀኝም እጄ መንቀጥቀጡን አልተው አለ። ሐጂ የጻፍኩትን ደብዳቤ ወደ ብርሃን አቅርበው አዩና፣ «ይህ ጽሕፈት ነው ወይስ ጉንዳን የሄደበት? ሂድ፣ ሁለት ሳምንት አርፈህ ና» አሉኝ። ዕረፍት ያገኘ ሰው ወደ ዘመዱ ይሄዳል። እኔ ሰሊጥ ወደሚያቀርብልን ገበሬ፣ ወደ አያ ደሴ ቤት፣ እዚህ ሽንፋ መጣሁ። አያ ደሴ ደግ ሰው ነው፤ ግን ማሽላ እየወቃ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አውድማ ነው የሚውለው። ሦስት ቀን ወንዝ ዳር ብቻዬን ተቀመጥኩ። ከአያ ደሴ ሰላምታ በቀር ቃል ያናገረኝ ሰው የለም።

ትናንት ከመንደሩ ዳር፣ ቁርቁራ ዛፍ ሥር፣ አንዲት አሮጊት እንስራ ሲሠሩ አየሁ። እትየ ትርፌ ይባላሉ፤ ከቋራ የመጡ ቤተ እስራኤል ናቸው። «ገዢ ነህ?» አሉኝ። «ያስተምሩኝ» አልኳቸው። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ሳቁ፤ አጠገባቸው ያለችው ልጃቸው የሺም ሳቀች። «ወንድ ሸክላ ሲሠራ አይቼ አላውቅ፤ ክርስቲያን ወንድማ ጭራሽ!» ከዚያ ሕጋቸውን ነገሩኝ። ግቢያቸው አልገባም። ቅዳሜ አልመጣም። እሳቸውን አልነካም፤ የሌላ እምነት ሰው ከነካቸው ወንዝ ወርደው መታጠብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅም ከሰው ተለይተው መቀመጥ አለባቸው። ስለዚህ ትምህርቱ ደጅ ነው፣ ዛፍ ሥር።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ለልጄ ለአልጋነሽ ትንሽ እንስራ በእጄ ሠርቼ መላክ። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጎንደር ከእናቷ እናት ጋር ትኖራለች። ጣሊያን በገባ ዓመት ባለቤቴ በተስቦ ስትሞት እኔ ወደ ቆላ ወረድኩ፤ ከዚያ ወዲህ ልጄን አላየኋትም። መንገዱ ተዘግቷል። የሐጂ የበቅሎ ሲራራ ግን በሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ጥጥ ሊጭን እዚህ ይደርስና ወደ ጎንደር ይወጣል። እንስራዋ እስከዚያ መድረስ አለባት።

ማክሰኞ፣ ጥር ፲፮

የተማርኩት፦

የተሰበረ የድሮ ሸክላ፣ ገል የሚሉት፣ ተፈጭቶ ከጭቃው ጋር ካልተቦካ እሳት ላይ ይፈነዳል።

እንስራ አፍ፣ አንገት፣ ጆሮ፣ ሆድና ቂጥ አላት። ቂጧ አመድ በሞላበት የሸክላ ስባሪ ላይ ይቀመጣል።

ሸክላው አይዞርም። ሠሪው ነው ጎንበስ ብሎ የሚዞረው፣ ያውም የኋሊት። ወገቤ ተቆረጠ።

እትየ ትርፌ እጄን ይዘው ማሳየት አይችሉም። አራት ክንድ ያህል ርቀው የራሳቸውን ይሠራሉ፤ እኔ እያየሁ እከተላለሁ። ስሳሳት በረጅም የማሽላ አገዳ ይጠቁሙኛል። «እዚህ ጋ ወፈረ። እዚህ ጋ ሳሳ። ኧረ ቀስ፣ ምን ያሯሩጥሃል?» አንድ ጊዜ የአገዳው ጫፍ ጣቴን ነካኝና ሁለታችንም ደነገጥን። «ግዴለም፣ አገዳ ነው» አሉ።

ከቀትር በኋላ የመጀመሪያዋ እንስራዬ ሆዷ አበጠና ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። «ደክሟት ነው» አለች የሺ። መንደሩ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

ረቡዕ፣ ጥር ፲፯

አያ ደሴ ዛሬ ጠዋት ከአውድማ ቀረ። ሊመክረኝ ነው። «አንተ ሰው ምን ነካህ? ሠሪ ሰው ዓይኑ አይቻልም። ቡዳ ይበላህና ኋላ ንዳድ ነው ትላለህ።» ቤቱ ያለው እንስራ ከማን እንደተገዛ ጠየቅሁት። «ከእትየ ትርፌ። እንስራው ሌላ፣ ሴትዮዋ ሌላ» አለና ቡዳ ይከላከላል ብሎ ጤና አዳም በኪሴ ወተፈልኝ።

አላመንኩበትም። ግን አላወጣሁትም፤ እውነቱ ይሄ ነው። ዛፉ ሥር ስደርስ እትየ ትርፌ በአፍንጫቸው ሳብ አደረጉና፣ «ደስ ይላል። ለሽሮ ነው የያዝከው?» አሉ። ለምን እንደያዝኩት በደንብ ያውቃሉ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እጄን ልታጠብ ነው ብዬ ወንዙ ውስጥ ጣልኩት።

ሁለተኛዋም ፈረሰች። ሦስተኛዋን ጀምሬያለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር ፲፰

ቆመች! ሆዷ ክብ ነው ማለት ባይቻልም ቆማለች። ዞሬ ዞሬ አየኋት። በሐጂ ቤት ሦስት ዓመት የጻፍኩት ወረቀት ሁሉ ተሰብስቦ እንዲህ አላስደሰተኝም።

ከዚያ አንገቷ ሳይቀጠል እትየ ትርፌ ጠየቁኝ። «የልጅቱ ቁመት የት ድረስ ነው?» እንስራ በተሸካሚዋ ጀርባ ልክ ነው የሚሠራው፤ ለልጅ ከበዛ ወገቧን ይሰብራታል፣ ካነሰም መጫወቻ ይሆናል። እጄን ወገቤ ላይ አደረግሁ። እሱ ግን ትቻት ስሄድ፣ አምስት ዓመት ሳለች፣ የነበራት ቁመት ነው። እጄን ትንሽ ከፍ አደረግሁት። ደግሞ ዝቅ። 

«አላውቅም» አልኳቸው።

«አባት አይደለህም?»

«መንገዱ ተዘግቷላ።»

«ይሁን። ትናንት ከጎንደር በጭልጋ በኩል የመጣ ጨው ነው የገዛሁት። በክንፉ በርሮ መጥቶ ይሆናል» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ቁመቱን የወሰኑት በመጨረሻ በጎረቤት ልጅ ነው፤ ስምንት ዓመት የሆናትን ጠርተው አቁመው።

መንገዱ አልተዘጋም። ይህን እዚህ ልጻፈው፤ የትም አልጻፍኩትም። ኬላ አለ፣ ሽፍታ አለ፣ ነጋዴው ግን ይመላለሳል። እኔ የፈራሁት የአማቴን ደጅ ነው። ባለቤቴን በቀበርን በአርባኛው ቀን ልጄ ተኝታ ሳለ ወጣሁ። ተመልሼ እመጣለሁ ያልኩት ለአማቴ ነው፤ ለልጄ ምንም አላልኳትም።

ዓርብ፣ ጥር ፲፱

ምን አደረግሁ!

ቅዳሜ ስለሚገባባቸው ሥራው እስከ ቀትር ብቻ ነበር። አንገቷን አቆምኩ፣ አፏን በእርጥብ ቆዳ አለሰለስኩ፣ ሁለቱን ጆሮዎች ቀጠልኩ። እትየ ትርፌ ከተቀመጡበት ተነሥተው ጠጋ ብለው አዩ። «በል እንግዲህ፣ ውኃ ትይዛለች» አሉ። እንዲህ ብሎ ያመሰገነኝ ሰው አልነበረኝም። ደስታው አሳወረኝ። በእኛ አገር ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው ትልቅ ሰው ሲያመሰግን እንደሚያደርገው ጎንበስ አልኩና ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ቀና ስል ፊታቸው ተለውጧል። አልጮኹም።  እጃቸውን ከሰውነታቸው አርቀው እንደያዙ፣ በልብሳቸው እንዳሉ፣ ወደ ወንዙ ወረዱ። የሺ ናት የጮኸችብኝ። «ምነው! ምነው! የሰንበቱን ዳቦ ማን ይጋግር? አሁን ማዕዳችንን መንካት አይችሉ፣ ቤት መግባት አይችሉ! ሌላው ቢቀር ዛሬን ብትተዋቸው!» ይቅርታ ልጠይቅ ወደ እሷ ስራመድ የኋሊት ሸሸችኝ። በእጄ ጭቃ አለ፤ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ከሩቅ አየኋቸው። ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ብቻቸውን ተቀመጡ። በስልሳ ዓመታቸው፣ ልብሳቸው ሳይደርቅ።

ቅዳሜ፣ ጥር ፳

መንደራቸው ጭጭ ብሏል። ጭስም የለ። ከጸሎት ቤታቸው ብቻ ዜማ ይሰማል።

መምጣት አልነበረብኝም፤ ሕጉ ነው። መጣሁ፤ ግን ወደ ሰው አልቀረብኩም። እንስራዋ ዛፉ ሥር ናት። ጥላው ዞሮ ፀሐይ ሊያገኛት ሲል አየሁ፤ ድንገት ፀሐይ ከመታት ትሰነጠቃለች፣ ገና እርጥብ ስለሆነች ደግሞ አትነሣም። ጋቢዬን በሁለት እንጨት ወጠርኩላት። ጥላው ሲሸሽ እንጨቱን ነቅዬ እተክላለሁ። እንዲህ ስል ዋልኩ።  አንድ ጊዜ ለራሴ ስሜን ጠራሁ፤ ድምፄ እንዳለ ለማየት።

እሑድ፣ ጥር ፳፩

የአስተርእዮ ማርያም በዓል። ከአያ ደሴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሳምን። ሰው ሁሉ ከነቤተሰቡ ነው። አንዲት ልጅ የአባቷን ጀላቢያ ጫፍ ይዛ ተንጠልጥላ ስትሄድ አየሁና ዓይኔን ወደ ሌላ አዞርኩ። ብርድ ብርድ ብሎኝ ተኝቼ ዋልኩ። ንዳዱ ሊመለስ ነው መሰለኝ።

ሰኞ፣ ጥር ፳፪

ንዳድ አልነበረም። የነነዌን ጾም ይዤ፣ በባዶ ሆዴ፣ ሄድኩ። እትየ ትርፌ ዛፉ ሥር ናቸው! ያስላቸዋል። ርቄ ቆሜ ማሩኝ አልኳቸው።

«ሳታውቅ ነው። አልፏል» አሉ። ሽማግሌዎቻቸው ያን ሰው ተዪው ብለዋቸዋል፤ እሳቸው ግን በጅምር የቀረ ሸክላ አልወድም ብለዋል። ከዚያ እንስራዋን በጠጠር እንዳለሰልስ አዘዙኝ። ሥራቸውን ሳያቋርጡ እንዲህ አሉኝ፦

«እኔስ አትንኩኝ የሚል ሕግ አለብኝ፤ ርቀህ የምትቆመው ለዚያ ነው። ልጅህ ምን ሕግ አላት?»

ደሜ ፈላ። «ሸክላ ልማር እንጂ ንስሐ ልገባ አልመጣሁም!» አልኳቸው። ተነሥቼ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሳለሁ እኚህን አሮጊት ወንዝ ያወረድኳቸውና ያሳመምኳቸው እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ። ተመለስኩ። ምንም እንዳልተፈጠረ ጠጠሩን በአገዳው ጠቆሙኝ። ማታ ድረስ ስፈትግ ዋልኩ። 

ማክሰኞ፣ ጥር ፳፫

ተቃጠለች። ከሥር እንጨት፣ ዙሪያውን ኩበት፣ ላዩን ሣር። የእኔ ከእሳቸው አምስት እንስራዎች መካከል ነበረች። መሐል ላይ ጧ! የሚል ድምፅ ሰማን። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እትየ ትርፌ አልተንቀሳቀሱም። «አንዷ ሄደች» አሉ ብቻ።

አመዱ ሲበርድ የፈነዳችው የእሳቸው ሆና ተገኘች፤ ትልቋ። የእኔ በአንድ ጎኗ ጠቁራ፣ አንገቷ ትንሽ ወደ ግራ ዘምማ ወጣች። ውኃ ሞላንባት፤ ያዘች። ስለ እሳቸው እንስራ እያዘንኩ በራሴ ደስ አለኝ። ሰው ነኝ።

ረቡዕ፣ ጥር ፳፬

ሲራራው ደረሰ። አለቃው ኑርሁሴን የሐጂ ሰው ነው፤ በደንብ ያውቀኛል። እንስራዋን በገለባ ጠቅልዬ አቀረብኩለት። አየና ሳቀ።

«ጸሐፊው፣ ሸክላ በበቅሎ ሲጫን አይተሃል? የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ገል ነው የምትሆነው። ሸክላ በሰው ጀርባ ነው የሚሄድ።»

«ከሰዎችህ አንዱ ይያዝልኛ።»

«ሰዎቼ በቅሎ ይንዱ ወይስ እንስራ ይሸከሙ?» ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ አየና፣ «የይለፍ ወረቀቴ የዘጠኝ ሰው ነው። አንዱ በንዳድ ወድቆ መተማ ቀርቷል። ካልክ በእሱ ቦታ ናና አንተው ያዛት» አለኝ።

ዕረፍቴ ዓርብ ያልቃል። ጎንደር ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ወር ይፈጃል። ሐጂ አይታገሡም፤ ጽሕፈት የሚችል ሌላ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው። ይህን ሁሉ ለኑርሁሴን ነገርኩት። «እንግዲያው ተዋት» አለና ጥጡን ማስጫን ጀመረ።

እንስራዋን ታቅፌ ገበያው መሐል ቆምኩ። ለአያ ደሴ ልስጣት? ውኃ ይቀዳባታል፤ ነገሩም ያልቃል። ግን አልሰጠኋትም፤ ወደ ኑርሁሴን ተመልሼ አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት። ለሐጂ አጭር ደብዳቤ ጻፍኩ። እጄ ተንቀጥቅጧል፤ ያንብቡት እንደሆነ ያንብቡት።

እትየ ትርፌን ልሰናበት ሄድኩ። አራት ክንድ ርቄ ቆምኩ። ማንገቻ ጠፍር ድንጋይ ላይ አስቀመጡልኝና ራቅ አሉ፤ ወሰድኩት። «ዝቅ አድርገህ እሰረው፣ ትከሻህን እንዳይቆርጥህ» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ፣ ከሩቅ። እሳቸውም ጎንበስ አሉ።

ሐሙስ፣ ጥር ፳፭፤ መንገድ ላይ

ሲራራ በቀትር ስለሚሰፍር ይህን የምጽፈው በቀን ብርሃን ነው። እንስራዋ ደህና ናት። እኔ ደህና አይደለሁም፤ ጠፍሩ ትከሻዬን ልጦታል፣ በቅሎ ነጂዎቹም «ውኃ ቀጂዋ» ብለው ስም አውጥተውልኛል። ይበሉ።

መንገዱን ሁሉ አማቴ ምን እንደምትለኝ ሳስብ ነበር። ትሳደብ ይሆናል፣ በር ትዘጋብኝ ይሆናል፤ እሱን እችለዋለሁ። ልጄ ግን ብትሸሸኝስ? እትየ ትርፌ ልጅህ ምን ሕግ አላት ላሉኝ መልሱን ዛሬ ዳገት ላይ አገኘሁት፤ አላውቅም ነው መልሱ። ሦስት ዓመት የተተወች ልጅ የራሷን ሕግ አውጥታ ይሆናል፤ መብቷ ነው። ሮጬ አላቅፋትም። እንስራዋን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ፣ አራት ክንድ ያህል ርቄ፣ መሬት ላይ እቀመጣለሁ። ስሜን ካልጠየቀችኝ አልናገርም። አንድ ቀን ቢሆን፣ አምስት ቀን ቢሆን፣ እሷ እስክትመጣ እዚያው ነኝ።